የጀልባው ጋቢና

እኔ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ታክሲው ወደ ቤቴ ሲቃረብ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀመጣል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ያ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ወደ ፊት ሲንገጫገጭ፣ ረዳቱም «ማነው ወራጁ?» ብሎ ሲዞር ይታየኛል። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ሌላ ሰው ካልወረደ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ጅግጅጋ ውስጥ በአማርኛም ቢሉት በሶማልኛም ቢሉት መኪናው ይቆማል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ቋንቋ እያወቅሁ በሁለቱም አልወርድም።

የአክስቴ ልጅ ኸሊል የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ ነገሩን መናኸሪያው ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አዳርሶታል። «ፋሩቅን ስትጭኑ ተጠንቀቁ» ይላቸዋል። «በሩ ላይ ካላወረዳችሁት ቶጎጫሌ ድረስ አብሯችሁ ይሄዳል።»

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርቱን ከተውኩ ጀምሮ ገበያው ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ አልወጣሁም። ለልብስ ሰፊ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ሜትሬን ሳነሳ ደንበኛው እጁን ይዘረጋል፤ ጣቴን ሳዞር ይዞራል። ከሱቄ ፊት ለፊት ኢክላስ ከእናቷ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። የሸጠችውን ጨርቅ ደንበኛው ይዞት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ አንዳንዴም ራሷ ታመጣዋለች። እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚህ ቆየንና ለመጋባት ተስማማን። ጥያቄውን ያቀረበችው እሷ ናት። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

የቀረው እናቷን ማስፈቀድ ነበር። እናቷ ኤብላ የጉናጋዶ ሰው ናቸው። ስልጤ ነጋዴ አግብተው ጅግጅጋ ገቡ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሱቁንም ልጃቸውንም ብቻቸውን ይዘው ቆይተዋል። ሰፈሩ በሙሉ «ኤዶ ኤብላ» ነው የሚላቸው፤ በሶማልኛ አክስቴ እንደ ማለት ነው። አባቴ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ኤዶ ኤብላ ሻይ ቀድተውላቸው፣ ጨዋታቸውን ሰምተው፣ መልሳቸውን ሰጡ።

«የልጁ እጅ ጥሩ ነው» አሉ። «ጋርባሳሬን የሚዘመዝምልኝ እሱ ነው፤ አንድ ክር አይስትም። ጸባዩንም ክፉ የሚል አልሰማሁም። ግን አንድ ቀን አብሮኝ ታክሲ ተሳፍሮ ነበር፤ እኔ ጋቢና፣ እሱ ከኋላ። መጨረሻው ላይ ወርጄ ዞር ስል፣ ልጁ በመጣንበት መንገድ በእግሩ ይመለሳል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ኢክላስን ጠየቅኋት። ቤቱን አልፎ መጥቶ ነው አለችኝ። እንግዲህ ነገ ልጄ ምጥ ይዟት ሾፌሩ ሆስፒታሉን ቢያልፍ፣ ‹ወራጅ አለ› የሚለው ማነው? እሷ ናት ወይስ የሚወለደው ልጅ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

«የልጁን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ልጄን አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ይህ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ከአረፋ በዓል ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ኤዶ ኤብላ ለጉልበታቸው የባሕር ውኃ ጥሩ እንደሆነ ሰምተው፣ የበዓሉ ማግስት በርበራ ሊሄዱ አስበው ነበር። ኅዳር ላይ ጅግጅጋ ሲበርድ በርበራ ገና ሞቃት ነው፤ ሰው ከእኛ ከተማ ለበዓል እየወረደ የሚዝናናውም ለዚህ ነው። ኸሊል በመኪናው ሊወስዳቸው ተስማማ። በገበያው ውስጥ ሃያ ዓመት ከጎናቸው ሆነው ልባሽ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ንጋቷም «የምሸጠው ልብስ ሁሉ በዚያ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ተነሡ። እኔን ማን እንደጋበዘኝ አላውቅም። ኢክላስ «ትመጣለህ» አለችኝ፤ መጣሁ።

ስለ ኤዶ ኤብላ ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። አንደኛው፣ ያለ ጋቢና አይሄዱም። ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ከተያዘ ቀጣዩን መኪና ይጠብቃሉ፤ እሱም ከተያዘ ሦስተኛውን። እሳቸው «ለጉልበቴ ነው» ይላሉ። እትዬ ንጋቷ ግን «ጉልበትሽ ሳያምሽም እዚያው ነበርሽ» ይሏቸዋል።

ሁለተኛው፣ ሲያማቸው አይናገሩም። ይህን ያወቅሁት በጨርቅ ነው። በየሁለት ወሩ ጠርዙ እንዲሠራ ወደ እኔ የሚመጣው ጋርባሳራቸው፣ ያ ትከሻና ራሳቸው ላይ የሚጥሉት ሰፊ ሻሽ፣ ሁልጊዜ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚበላሸው። የቀኙ ጠርዝ እንዳለ ሆኖ፣ ግራው ተጠምዝዞ፣ ክሩ ተልጦ ይመጣል። አንድ ቀን ለኢክላስ በጣቴ አሳየኋት።

«ጉልበቷን ሲያማት ትጠመዝዘዋለች» አለችኝ። «አመመኝ ከምትል ብትሞት ይሻላታል።»

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎጫሌ፣ መታወቂያችንን አሳይተን ድንበሩን ካለፍን በኋላም እስከ ሐርጌሳ፣ ከዚያም እስከ በርበራ፣ ኤዶ ኤብላ ጋቢና ተቀምጠው፣ ኸሊል ያለ ዕረፍት እያወራ፣ እትዬ ንጋቷ ከኋላ ቆሎ እያዳረሱ ወረድን። እኔ ምን ያህል እንደተናገርኩ ኸሊል ቆጥሮ ነበር። «አቦ፣ አራት ቃል!» አለ በርበራ ስንገባ። «ሁለቱ ‹እሺ› ናቸው።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሕሩ ብንሄድ ዳርቻው በበዓል ሰው ተሞልቷል። ጎረምሳው ኳስ ይጫወታል፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃ ይራጫል። ኤዶ ኤብላ ይህን አይተው ወዳደርንበት ማረፊያ ቤት ተመለሱ። «እዚህ መካከል ጉልበቴን ልገልጥ ነው?» አሉ። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት፣ ወደ ባሕሩ ተዘርግቶ ከሚገባው የአሸዋ ምላስ ማዶ ሰው የማይደርስበት ጸጥ ያለ ዳርቻ እንዳለ፣ ሴቶች በዓል ሲሆን የሞተር ጀልባ በኮንትራት ይዘው ወደዚያ እንደሚሄዱ ነገረቻቸው።

«እኔ እይዛለሁ!» ብሎ ኸሊል ተነሣ።

«አንተ ተቀመጥ» አሉት ኤዶ ኤብላ። «ከጅግጅጋ ጀምሮ አፍህ አልተዘጋም፤ ይረፍ። ጀልባውን ፋሩቅ ይያዝ።»

ኢክላስ አየችኝ። እኔም ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ወጣሁ።

ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ቆምኩ ብቻ። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው በአንዲት ነጭ ጀልባ ኋላ ተቀምጦ የሞተሩን ክዳን በጨርቅ ይወለውላል። ጥቂት ቆይቶ ቀና አለ።

«ጀልባ ነው?» አለኝ በሶማልኛ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስንት ናችሁ?»

አምስት ጣቴን አሳየሁት። የት ብሎ ሲጠይቀኝም ወደ አሸዋው ምላስ ማዶ ጠቆምኩ።

«ደርሶ መልስ፣ እዚያም ልጠብቃችሁ፤ ስልሳ ዶላር።»

ብዙ ነው። «ቀንስ» ማለት ነበረብኝ። እንዴት እንደምለው እያሰብኩ አሸዋውን አየሁ።

«አምሳ አምስት» አለ።

አሁን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«እሺ፣ አምሳ! ቤንዚን ተወዷል፣ ወንድሜ።»

የቤንዚኑ ነገር እውነት ስለሆነ አዘንኩለት። ራሴን በሐዘን ወዘወዝኩ።

«አርባ አምስት! ወላሂ ከዚህ በታች አልችልም!»

ከዚያ ወዲያ ደግሞ እንዳይቀንስ ፈርቼ ቶሎ እጄን ዘረጋሁለት። ተጨባበጥን። ስሙ ዐቦኮር ነው። ከየት እንደመጣን ጠየቀኝና «ጅግጅጋ» ስለው ፊቱ በራ፤ ብድግ ብሎ በአማርኛ ጮኸ።

«ጅግጅጋ! ጠጋ ጠጋ በሉ! ሒሳብ ከኋላ! አንድ ሰው የሞላ!»

በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ጅግጅጋ አቅራቢያ ባለው የሐርቲሼክ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኖሯል። እዚያም ስድስት ዓመት ከሐርቲሼክ ጅግጅጋ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበር። አማርኛውን የተማረው በር ላይ ተንጠልጥሎ ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን አያውቅም።

ማረፊያ ቤት ተመልሼ ዋጋውን ስነግራቸው ኸሊል ራሱን ያዘ። «አርባ አምስት? ጠዋት ዳርቻው ላይ እኔን ሰባ ብለውኛል! ምን ብለህ ነው?»

«ምንም» አልኩ።

«አይቆጠርም» አሉ ኤዶ ኤብላ፣ ቦርሳቸውን እያነሡ። «የተከራከረው ባለ ጀልባው ራሱ ነው።»

ውኃው ዳር ስንደርስ ኤዶ ኤብላ ቆም ብለው ጀልባዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱ።

«ጋቢናው የቱ ጋ ነው?»

የመለሰው ሾፌሩ ኸሊል ነው። «ጋቢና ምንጊዜም ፊት ነው» አለ፣ የጀልባዋን ሹል አፍንጫ እያሳየ።

«ሾፌሩስ ታዲያ ለምን ከኋላ ተቀመጠ?» አሉ እትዬ ንጋቷ። ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ገና መሬት ላይ ሳሉ ለብሰውት ነበር። «ከኋላ ሆኖ ምን ያያል?»

«የባሕር መንጃ ፈቃድ ሌላ ነው» አለ ኸሊል።

ዐቦኮር ነገሩ ገባው። ወደ ኤዶ ኤብላ ቀርቦ በትሕትና፣ «ኤዶ፣ ከእኔ አጠገብ ከኋላ ይቀመጡ። የሚመቸው ኋላው ነው። ፊቱ ለጎረምሳ ነው» አላቸው።

ኤዶ ኤብላ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። ከመጣን ጀምሮ ስለ ሐርቲሼክ ሲያወራ ሰምተውታል።

«አንተ ረዳት ነበርክ አይደል?»

«አዎ ኤዶ፣ ስድስት ዓመት።»

«አውቃችኋለሁ! ‹ኤዶ፣ ኋላው ይመችዎታል› ትሉና ጋቢናውን ለዘመዳችሁ ትይዛላችሁ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ከመንገድ ዳር ታሳፍሩታላችሁ።»

«ኤዶ፣ ባሕር ላይ ነን! ከየት ነው ሰው የማሳፍረው?»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ፊት ሄዱ። ኢክላስ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ደግፈን አሳፈርናቸው። ዐቦኮር ክርክሩን ትቶ ሸራ አጣጥፎ አነጠፈላቸው። «እሺ» አለ ለራሱ፤ «ባሕሩ ይንገራቸው።»

እሳቸው አፍንጫዋ ላይ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው፣ ከኋላቸው እትዬ ንጋቷና ኢክላስ፣ ቀጥሎ እኔና ኸሊል ተቀመጥን። ዐቦኮር ከመጨረሻው ሞተሩን ያዘ። ከእኔ ቦታ የኤዶ ኤብላ ጀርባና ግራ እጃቸው ይታየኛል።

መጀመሪያ ላይ ባሕሩ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ነበር። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። ኤዶ ኤብላ ደስ ብሏቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ንጋቷ! ከኋላ ምን ይታይሻል?»

«የአንቺ ጀርባ!» አሉ እትዬ ንጋቷ።

ከአሸዋው ምላስ ስንወጣ ነፋሱ አገኘን። አፍንጫዋ ከፍ አለችና ቷ ብላ ወደቀች። ደግማ ከፍ አለች፤ ደግማ ወደቀች። ውኃው በሁለት ወገን ተነሥቶ ኤዶ ኤብላ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ንጋቷ ጠብታ በደረሳቸው ቁጥር ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ። ኢክላስ ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታለች። ኸሊል ይዘፍናል። ከኤዶ ኤብላ ግን ድምፅ የለም። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ፊት እንዳደረጉ ነው።

«ኤዶን እዩልኝ!» አለ ኸሊል። «ምንም አይመስላቸውም!»

እኔ እጃቸውን አየሁ። የጋርባሳሩን ግራ ጠርዝ ይዘዋል። ጀልባዋ ስትወድቅ አንድ ጊዜ ጠመዘዙት። ስትወድቅ ደግመው። ሰው ሁሉ ውኃውን ያያል፤ እኔ ጠርዙን አያለሁ። ባለፈው ወር ራሴ የዘመዘምኩት ነው። ጥቂት ቆይቶ ገመድ መሰለ፤ የጣታቸውም አንጓ ነጣ። ጀልባዋ በወደቀች ቁጥር ያ የታመመ ጉልበት ከእንጨቱ ጋር ይጋጫል። ያን ሁሉ ተከራክረው የያዙትን ጋቢና ደግሞ በአፋቸው «ልልቀቅ» እንደማይሉ አውቃለሁ።

አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ኸሊልን አየሁት፤ ሁለተኛውን ዘፈን ጀምሯል። ኢክላስ ቀና አላለችም። ዞሬ ዐቦኮርን አየሁ፤ ማዕበሉን እንጂ እሳቸውን አያይም። ሌላ ሰው እስኪወርድ መጠበቅ ልማዴ ነው። እዚህ ግን ሌላ ወራጅ አልነበረም።

አፍንጫዋ እንደገና ከፍ ስትል ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ወራጅ አለ!»

ሞተሩ ቀጥ አለ። ዐቦኮር አስቦበት አይደለም፤ እጁ ቀደመው። በዚያው እጁ የጀልባዋን ጎን እንደ ሚኒባስ በር ሁለቴ ደበደበና በአማርኛ፣ «ወራጅ! ቀስ ብላችሁ! ዕቃ እንዳትረሱ!» አለ። ከዚያ ነው የት እንዳለን ትዝ ያለው። ወደ ቀኝ ባሕሩን አየ፤ ወደ ግራ ባሕሩን አየ።

«ማነው ወራጁ?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መኪናው ሞልቶ፣ በእኔ ምክንያት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ፣ ረዳቱ ማነው ብሎ እየጠየቀ። ሕይወቴን ሙሉ የሸሸሁት ነገር ባሕር መካከል ደረሰብኝ። የምሮጥበት ቦታ አልነበረም።

«ኤዶ ኤብላ ናቸው» አልኩ። ድምፄ እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ነበር። «ወደ ኋላ ይምጡ።»

«እኔ ምንም አልሆንኩም» አሉ ሳይዞሩ።

«ጠርዙን እያየሁት ነው» አልኳቸው። «የግራውን።»

ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ኤዶ ኤብላ እጃቸውን ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ከፈቱት። ጠርዙ ውኃ እያንጠባጠበ ራሱን ፈታ።

«የሰፋው ሰው ካወቀብኝ ምን ይደረጋል» አሉ። «በሉ አንሡኝ።»

ሞተሩ እንደጠፋ፣ ኢክላስና እኔ በሁለት ክንዳቸው ይዘን፣ ኸሊል ከኋላ እየተቀበለን፣ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ አመጣናቸው። ዐቦኮር አጠገብ ሲቀመጡ ቦታው ደረቅ ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ ጀልባዋ ስትዘል እዚያ የሚሰማው ትንሽ ነው። ጥቂት ሄድን።

«እና ጋቢናው እዚህ ነው እንዴ?» አሉ።

«ኤዶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስነግርዎ ነበር!»

«ረዳት ነበርክ። ማን ያምንሃል?»

ክብደቷ እንዲስተካከል አንድ ሰው ፊት መቀመጥ ነበረበት። እኔ ሄድኩ። እዚያ ዳርቻ እስክንደርስ ድረስ ባሕሩ በባልዲ እየቀዳ እንደሚደፋብኝ ነበር። ኸሊል ከኋላ ሆኖ፣ «ወርያ ፋሩቅ! ጋቢና ይመቻል?» ይለኛል።

ዳርቻው የማረፊያ ቤቱ ባለቤት እንዳለችው ሰው የለበትም። ሴቶቹ ወደ ውኃው ሄዱ። እኛ ወንዶቹ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። ዐቦኮር ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳልን፤ እኔ ሸሚዜን ጨምቄ ድንጋዩ ላይ ዘረጋሁት። ነፋሱ ከውኃው ወደ እኛ ስለሚመጣ ድምፃቸው ይሰማል።

«ድምፁ ወፍራም ነው» አሉ ኤዶ ኤብላ። «ቀጭን ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ሰማሽ! እንግዲህ ልጅሽን ስጪ» አሉ እትዬ ንጋቷ።

«አንድ ጊዜ ነው የሰማሁት። ሰው ሲደነግጥ ይጮኻል።»

«አንቺ ግን አልጮህሽም።»

ኸሊል በክርኑ ጎሸመኝ። ዐቦኮር አማርኛው ስላልገባው «ምን አሉ?» አለን። ኸሊል በሶማልኛ ሲነግረው እያጨበጨበ ሳቀ። ለመልሱ ጉዞ ዋጋ ሊቀንስልን ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ቶሎ ብዬ «በቃ» አልኩት።

ኤዶ ኤብላ ከውኃው የወጡት ጣታቸው ተጨማዶ ነው። ስንመለስ ማንም ሳይነግራቸው በቀጥታ ዐቦኮር አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። ስለ እኔ፣ ስለ ኢክላስ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ምንም አላሉም። በቀሩት ሁለት ቀናትም አላሉም። እንዲያውም እሳቸው እንዲሰሙኝ ብዬ አንድ ጊዜ «ደህና አደራችሁ» ስል ድምፄ ከፍ ብሎብኝ፣ እትዬ ንጋቷ የያዙትን ሻይ ደፉ። ኤዶ ኤብላ ዳቧቸውን ቆርሰው መብላታቸውን ቀጠሉ። ኢክላስም «እኔ አልጠይቃትም፤ ስትጠየቅ ታከራለች» አለችኝ።

ጅግጅጋ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ብርዱ ጠበቀን። የኸሊል መኪና ከሐርጌሳ ጀምሮ ስታጉረመርም ስለመጣች መናኸሪያ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ወሰዳትና፣ እኛ የከተማ ታክሲ ያዝን። ኤዶ ኤብላ ጋቢና። እትዬ ንጋቷ፣ ኢክላስና እኔ ከኋላ፣ ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ተጠጋግተን።

ታክሲው መስጊዱን ሲቃረብ ቃሉን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቤቴ ከመስጊዱ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው፤ እኔ ግን ቀደም ብዬ ነው የምዘጋጀው። ባሕር ላይ ካልኩት እዚህ ምን ያቅተኛል ብዬ አሰብኩ። ከጎኔ ኢክላስ ትጠብቃለች። ቃሉ መጣ፤ ጉሮሮዬ ጋ ደረሰ፤ ተቀመጠ። ኢክላስ በጉልበቷ ጉልበቴን ነካችው። አሁንም እንደተቀመጠ ነው።

«ወራጅ አለ!»

ከጋቢና ነው። ኤዶ ኤብላ ፊታቸውን እንኳ ወደ ኋላ አላዞሩም። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ያ ሁሉ ሰው ወደ ፊት ተንገጫገጨ።

«ማነው ወራጁ?» አለ ረዳቱ።

«አማቼ ነው» አሉ ኤዶ ኤብላ። «እዚህ ነው የሚወርደው። ቆም በልለት፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።»

እትዬ ንጋቷ እልልታቸውን ለቀቁት። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ «መብሩክ!» እያሉ እጄን ጨበጡኝ፤ አንድ ሽማግሌ ራሴን ዳበሱኝ፤ ረዳቱም ሻንጣዬን ራሱ አወረደልኝ። ኢክላስ በመስኮቱ እያየችኝ በጋርባሳሯ አፏን ይዛ ትስቃለች። ታክሲው ሄደ።

መስጊዱ በር ላይ ቆምኩ። ኤዶ ኤብላ ቤቴን አያውቁትም፤ ቤቴን አልፌ መሄዴን እንጂ የቱ ጋ እንደሆነ ማንም አላሳያቸውም። «ገና ሁለት ፌርማታ ይቀረኛል» ማለት ይቻል ነበር። ሻንጣዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከታክሲ ወርጄ የምሄደው ወደ ኋላ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ፊት ነው የሄድኩት።